ቲቪ ለምትገዛው እህታችን፦ ስማርቱን ተይና ስክሪኑን ግዢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የራሴን ዘመዶች አየሁበት። ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖሩት። አሮጌው 32 ኢንች ይብቃው ብላችኋል። ባልሽ 65 ይላል፣ አንቺ 55 ትያለሽ፣ አማትሽ ደግሞ «43 ምን አነሰው» ይላሉ። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ «አትግዙ፣ እኔ እልክላችኋለሁ» ብሏል። በየቅዳሜው ሱቅ ለሱቅ ትዞራላችሁ፣ በየቅዳሜው ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። የዓለም ዋንጫው ደግሞ ሰኔ 4 ይጀምራል።

እኔ የቲቪ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ከቤተሰብም ከመሥሪያ ቤትም ቲቪ የሚገዛ ሰው ሁሉ «አብረኸኝ ሂድ» የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ስለሚል ቡና እየጠጣሽ አንብቢው።

ባዶ እጃችሁን የምትመለሱት ሞኝ ስለሆናችሁ አይደለም። ሱቁ ራሱ ያደናግራል። ሻጮች አንድ የሚወዷት ቃል አለች፦ «ትንሽ ብትጨምሪ»። 43 ሊገዛ የሄደ ሰው ትንሽ ቢጨምር 50 ያገኛል። 50 ላይ ትንሽ ቢጨምር 55 አለ። 55 ላይ ሲደርስ «ይሄኛውማ ኪውኤልኢዲ ነው» ይባላል። በየደረጃው ጭማሪዋ ትንሽ ናት። መጨረሻ ላይ ግን ሒሳቡ ከቤት ይዛችሁ ከወጣችሁት ጋር አይተዋወቅም። ያኔ ባልና ሚስት ተያይተው «እስቲ አስበንበት እንመለስ» ይላሉ። ሻጩም «የመጨረሻዋ ፍሬ ናት፣ ለአንቺ ብዬ ነው» ይላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺ የመጨረሻ ፍሬ እዚያው ተሰቅላ ትጠብቃችኋለች።

ሌላው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቲቪ ያምራል። ብርሃኑም ቀለሙም እስከ ጥግ ተለቆ ነው የሚታየው። የሚጫወተውም ለማሳያ ተብሎ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ በቀቀን፣ ፏፏቴ፣ የሚንጠባጠብ ማር። ቤት ስትገቢ የምታዪው ግን ዜና፣ ተከታታይ ድራማ፣ ኳስና ዩቲዩብ ነው። በበቀቀን ተመርጦ የተገዛ ቲቪ ዜና ላይ ሲያሳዝን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከሱቅ በፊት ቤትሽ ውስጥ ሜትር ያዢ። ሶፋው ላይ ተቀምጠሽ ከዓይንሽ እስከ ቲቪው ቦታ ያለውን ርቀት ለኪ። ኢንች የሚባለው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚለካው ነው። የ55 ሰያፉ 140 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ወርዱ 122 ነው። የ65 ወርድ 144 ይደርሳል፣ የ43 ደግሞ 95። ሰያፉን በአንድ ተኩል ብታበዢው ቀረብ ብሎ ለማየት የሚመቸውን ርቀት ታገኛለሽ። ለ55 ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር፣ ለ65 ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሳሎንሽ ሁለት ሜትር ተኩል ካለው ባልሽም ከእውነት አልራቀም።

ግን ይሄ ሒሳብ የሚሠራው ጥርት ያለ ምስል ሲኖርሽ ነው። ፎርኬ ማለት 3840 በ2160፣ ማለትም ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ፉል ኤችዲ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። ከዲሽ የምናየው ደግሞ ቢበዛ ኤችዲ ነው፤ አንዳንዱ ቻናል ከዚያም ይወርዳል። ደካማ ምስል ትልቅ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ፊት ሁሉ የታጠበ ይመስላል፣ የዜና ጽሑፉ ጠርዝ ይሻክራል። ኢንተርኔትም ቢሆን ያው ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ ለፎርኬ 15 ሜጋ፣ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋ ፍጥነት ይጠይቃል። ቤትሽ የገባው ዋይፋይ 5 ሜጋ ከሆነ፣ ልጆቹም በስልክ እየተጋሩት ከሆነ፣ ፎርኬውን የምታዪው ካርቶኑ ላይ ነው።

እና የእኔ ምርጫ? ቤታችሁ በአብዛኛው ዲሽ የሚያይ ከሆነ 55። ዩቲዩብና ፊልም የሚበዛ ከሆነ፣ ኢንተርኔቱም ካልደከመ፣ ርቀቱም ካለ 65 ይሁን፣ ባልሽም ደስ ይበለው። አማትሽ ሳሎን ውስጥ ከሆነ የሚያዩት፣ እሳቸውም ቢሆኑ 55ቱ ሲሰቀል ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። አክስቴ «ዓይን ያጠፋል» ስትል ከርማ፣ አሁን የጸሎት መርሐ ግብር ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ያለ መነጽር አነባለሁ እያለች ነው የምትፎክረው።

አሁን ዋናው ነገር። ገንዘብሽን ስክሪኑ ላይ አውጪ፣ ስማርትነቱ ላይ አይደለም። ስክሪኑ ጥሩ ከሆነ ዓመታት አብሮሽ ይኖራል። ስማርት የሚባለው ክፍል ግን ቶሎ ያረጃል። ርካሾቹ ላይ ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ አፕሊኬሽኖቹ ሲታደሱ መንቀርፈፍ ይጀምራል። ያኔ ኤችዲኤምአይ ላይ የምትሰካ ትንሽ ቦክስ ወይም ስቲክ ገዝተሽ መተካት ትችያለሽ። ደካማ ስክሪንን ግን በምንም አትተኪውም። ስሙ የታወቀው ሁሉ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሳምሰንግ ታይዘን፣ ኤልጂ ዌብኦኤስ፣ ሃይሴንስ ብዙ ጊዜ ቪዳ፣ ሶኒ ጉግል ቲቪ። ሁሉም ዩቲዩብ ይከፍታሉ። በዚህ አትጨነቂ። መጠንቀቅ ያለብሽ «አንድሮይድ ነው» ተብሎ የጉግል ፈቃድ የሌለውን ነው። እሱ ላይ ኔትፍሊክስ ወይ አይከፍትም፣ ወይ ምስሉ ዝቅ ይላል።

ስለ ስክሪን ዓይነት በአጭሩ። ተራው ኤልኢዲ የሚባለው ከኋላ መብራት ያለው ኤልሲዲ ነው። ኪውኤልኢዲም ያው ከኋላ መብራት ያለው ነው፤ ቀለሙን የሚያደምቅ ንጣፍ ተጨምሮበታል። ኦኤልኢዲ ግን የተለየ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፣ ማታ ፊልም ስታዪበት ልብ ይሰርቃል። ዋጋውም ልብ ይሰርቃል። ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ የዜና ጣቢያ ተከፍቶ በሚውልበት ቤት አልመክረውም፤ ጥጉ ላይ የማይንቀሳቀሰው ሎጎና ከታች ያለው የጽሑፍ መስመር ከጊዜ ብዛት ስክሪኑ ላይ አሻራ ሊተው ይችላል። «ኤችዲአር አለው»፣ ማለትም ደማቁንና ጨለማውን ይበልጥ ለይቶ ያሳያል ሲሉሽም አትደነቂ። ርካሹ ቲቪ ኤችዲአሩን ይቀበላል እንጂ ለማሳየት የሚበቃ ብርሃን የለውም።

ሱቅ ስትሄጂ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ውስጡ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ግራጫ፣ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ቀይ ምስል ይኑር። የኳስ ቪዲዮና በፎርኬ የተቀረጸ ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ነገርም ጨምሪ። ሻጩን «የሱቁን የማሳያ ሞድ አጥፋልኝ፣ ምስሉን ሲኒማ ወይም ሙቪ ላይ አድርግልኝ» በይው። ነጩ ላይ የሞተ ነጥብ ይታያል። ግራጫው ላይ ደመና የመሰለ ጥላ ካለ ይወጣል። ኳሱ ላይ ካሜራው ሜዳውን ሲጠርግ አረንጓዴው ላይ ቆሻሻ የመሰለ መስመር አብሮ የሚሄድ ከሆነ እሱን ተዪው፣ ጨዋታ ባየሽ ቁጥር ያናድድሻል። ደቃቁ ጽሑፍ ከተድበሰበሰ «ፎርኬ» የተባለው ካርቶኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከጎንም ቆመሽ እዪው፤ እንግዳ ሲመጣ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ። ስሙ ከታወቀ ብራንድ ጋር በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ከሆነ ደግሞ ፍላሹንም አታውጪ፣ ሰላም ብለሽ ውጪ። ፍላሽ አናስገባም የሚል ሱቅ ካጋጠመሽም ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ደግ ነው፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን ቲቪውን አይላክ። እኛ ጋ መብራቱ 220 ቮልት ነው። እዚያ ያለው 120 ነው። አንዳንዱ የአሜሪካ ቲቪ ጀርባው ላይ «100-240» ተብሎ ተጽፎበታል፣ እሱ ይሠራል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካው ቲቪ የዲሽ መቀበያ የለውም። እዚህ ለኛ ገበያ የሚመጡት ብዙዎቹ የሳተላይት መቀበያው ውስጣቸው ስላለ ኬብሉን በቀጥታ ሰክተሽ የኢትዮሳትን ነጻ ቻናሎች ትፈልጊያለሽ። ከአሜሪካ የመጣው ላይ የግድ ሪሲቨር ያስፈልግሻል። እሱም ቢሆን አንዳንዱ ከሪሲቨር የሚመጣውን 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚታደስ ምስል አልቀበልም ይላል፤ ሪሲቨሩን ወደ 60 መቀየር ይጠይቃል። ጋራንቲውም ባሕር ተሻግሮ አይመጣም። የመጓጓዣውንና የቀረጡን ራስ ምታት ሳልጨምር ነው። ገንዘቡን በሕጋዊ መንገድ ይላክላችሁና እዚህ ግዙ።

እዚህ ስትገዢም ተመሳሳይ ዕቃ ዞሮ ሊመጣ ይችላል። የሳምሰንግን የሞዴል ቁጥር እዪ። «ዩኤን» ወይም «ኪውኤን» ብሎ ከጀመረ ለሰሜን አሜሪካ የተሠራ ነው። ለአፍሪካና ለእስያ የሚሠራው «ዩኤ» ወይም «ኪውኤ» ብሎ ይጀምራል። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ኢንቹ ነው። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ቮልቱ ችግር የለውም። መሰኪያው ብቻ ባለሦስት ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በቀላሉ ይቀየራል።

«ዋጋ ይቀንሳል ብዬ ልጠብቅ?» ላልሽው፣ እኔ አልጠብቅም። የውጭ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ወዴት እንደሄደ አንቺም አይተሻል። ግን ዋንጫው ደረሰ ብለሽም አትሯሯጪ። ውድድሩ እስከ ሐምሌ 12 ነው፣ 104 ጨዋታ አለው። አንድ ሳምንት ብትዘገዪ የሚያመልጥሽ ትልቅ ነገር የለም። ደግሞ አዘጋጆቹ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ስለሆኑ ብዙው ጨዋታ እኛ ጋ ማታና ሌሊት ነው የሚውለው። ቲቪው ብሉቱዝ እንዳለው ጠይቂ። ባልሽ ማዳመጫ አድርጎ ሌሊት ኳሱን ሲያይ አማትሽ ይተኛሉ። ይቺ ነገር ከኪውኤልኢዲው በላይ ለቤታችሁ ሰላም ትጠቅማለች።

ጋራንቲ «አለው» ሲሉሽ በወረቀት ይሁን፣ ማኅተም ይኑረው፣ ከደረሰኙ ጋር ይሁን። የሚጠግነው ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ጠይቂ። ስክሪን ከተሰበረ በጋራንቲ እንደማይሸፈን እወቂ። መጠገኛውም ከአዲስ ቲቪ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከሱቁ ሳትወጪ ተሰክቶ በርቶ እዪው፤ ማሳያ ሆኖ የተሰቀለውን ሳይሆን ካርቶን ውስጥ ያለውን፣ ይዘሽው የምትሄጂውን። ቪትዝ ጠርተሽ 55 ኢንች ለማስገባት እንዳትሞክሪ። ቆሞ አይገባም፣ ሹፌሩ «እናስተኛው» ይልሻል። ቲቪ ተኝቶ በኛ መንገድ ሲነጥር መሐሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሰፋ ያለ መኪና ፈልጊና ቆሞ፣ በሰው ተይዞ ይሂድ።

ቤት ሲገባ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዱ መብራት ነው። ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ቦርዱን የሚያቃጥለው። ጥሩ ስታቢላይዘር ግዢና ዋጋውን ከመጀመሪያው በቲቪው በጀት ውስጥ አስቢው። ተራ ዲቫይደር መከላከያ አይደለም፣ መስመር ማብዣ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድም መሰኪያውን ንቀይና ከመጣ በኋላ ጥቂት ቆይተሽ መልሺው።

ሌላው ግድግዳው ነው። ብዙ የኮንዶሚኒየም መካፈያ ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸር ባዶው ላይ ካረፈ ክብደት አይዝም። ለክፍት ብሎኬት የሚሆን ቡሎን ያለውና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥሪ። ካልሰቀልሽውና ቡፌ ላይ ካስቀመጥሽው ደግሞ እግሮቹን አስቀድመሽ ለኪ። የትልቁ ቲቪ እግር ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆነ ቡፌው አጭር ከሆነ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል። ካርቶኑንና ውስጡ ያለውን ፎም ጋራንቲው እስኪያልቅ አልጋ ሥር አስገቢው። ጥገና ቢያስፈልግ ያለ እሱ ማመላለስ አይቻልም።

የሳሎንሽን ርቀትና ያየሻቸውን የሞዴል ቁጥሮች እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።