ሶላር ባስገጥም የጣራና ግድግዳ ግብር ይቀነስልኛል ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። «ቴክሳስ ያለው ወንድሜ ሶላር ያስገጠመ ሰው የቤት ግብር አይከፍልም አለኝ፣ እኛ ለገጣፎ ያለነውስ?» ብለሻል። እኔ ካስገጠምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ወንድምሽ ነገሩን አሳጥሮታል። ቴክሳስም ቢሆን የቤቱ ግብር አይቀርም። የሚቀረው ሶላሩ በቤቱ ግምት ላይ የጨመረው ብቻ ነው። 300 ሺህ ዶላር የነበረ ቤት በሶላሩ ምክንያት 320 ሺህ ቢገመት፣ ሃያዋ ሺህ ከግብር ነፃ ትሆናለች፣ እሷም ቅጽ ሞልቶ ካመለከተ ነው። ኒውዮርክም ለ15 ዓመት ተመሳሳይ ነገር አለ፣ ግን የየአካባቢው አስተዳደር አልፈልግም ማለት ይችላል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የጣራና ግድግዳ ግብር ከ1968ቱ አዋጅ የመጣ ነው፣ የሚሰላውም በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት። ጣራ ይባል እንጂ ጣራው ላይ ወጥቶ የሚያይ የለም፣ ሃሃ። ጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ዝርዝሩን ለክልሎችና ለከተሞች የተወ ነው። እኔ ያለሁት አያት ጀርባ ስለሆነ የምከፍለው ለአዲስ አበባ ነው። አንቺ ሸገር ከተማ ስር ነሽ፣ ስለዚህ የእኔን ደረሰኝ አይተሽ እንዳትወስኚ፣ እዛው ጠይቂ።

አምና ልከፍል ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ «ሶላር አለኝ፣ የሚቀነስ ነገር አለ?» ብላት ቀና ብላ አየችኝና «የውሃ ማሞቂያው ነው?» አለችኝ። ደረሰኙ ላይ የተጨመረም የተቀነሰም የለም።

ግብሩን ተይውና ሌላውን አስቢ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ መብራቱም እንደምታውቂው ነው። ሶላሩ የሚያዋጣሽ እዚህ ላይ ነው፣ ግን ልኩን ካወቅሽ። እኔ ሻጩ «ቤት ሙሉ ያንቀሳቅሳል» ስላለኝ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የሶላሩን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) ገዛሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ መብራት ሄዶ ባለቤቴ ምጣዱን ስትሰካ ኢንቨርተሩ ጮኸና ጠፋ። ለካ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይበላል! ሊጡ ቦክቷል፣ ጎረቤት ጄኔሬተር ያለው ቤት ሄዳ ጋገረች፣ እስከ ዛሬ ትተርበኛለች። አሁን ምጣዱ ከመብራት ኃይሉ መስመር ጋር ነው፣ ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ቲቪና ዋይፋይ በሶላሩ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ ፍሪጁንም አነሳለታለሁ።

ቤትሽ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ገጣጣሚዎቹ ሲመጡ አጠገባቸው ቁሚ። የእኔዎቹ ቡሎኑን ያለ ጎማ አስረውት ሄዱ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ሳሎን ሶፋው ላይ ሳፋ ደቅነን አደርን። በበጋ ብታስገጥሚ እንኳ በጀሪካን ውሃ አስፈስሰሽ ሳታዪ ቀሪውን ሂሳብ አትክፈያቸው።