ቤት ውስጥ የበቀለ የበርበሬ ችግኝ ለምን ቀጥኖ ይወድቃል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከለገጣፎ ነው። ጠያቂዋ እናት በሐምሌ መጀመሪያ የማረቆ ፋና በርበሬና የቲማቲም ዘር ከግቢያቸው በቆፈሩት ጥቁር አፈር በፕላስቲክ ትሪ ዘርተው በመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር አስቀመጡት። ትሪውን በላስቲክ ሸፍነው ጠዋትና ማታ ውሃ ሲያጠጡ ቆዩ። ቲማቲሙ በስምንተኛው፣ በርበሬው በአሥራ አራተኛው ቀን በደንብ በቀለላቸው፤ ነገር ግን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ችግኞቹ እንደ ክር ቀጥነው ወደ መስኮቱ አጋደሉ። ጣሪያው ላይ አንድ ኤልኢዲ አምፖል ቢጨምሩም ለውጥ አላዩም። አሁን ደግሞ በየማለዳው ጥቂቶቹ ከአፈሩ ጋር በሚገናኙበት አንገታቸው ላይ በክር የታሰሩ ይመስል ሰልለው ወድቀው ያገኟቸዋል። ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የአምፖሉ፣ ቅጠላቸው ስለገረጣስ ዩሪያ ልጨምርበት ወይ ብለው ይጠይቁኛል።

ዘሩን ነጻ ላውጣው። በሐምሌ ብርድ ቲማቲም በስምንት፣ በርበሬ በአሥራ አራት ቀን አብዛኛው ከበቀለ ዘሩ ጤነኛ ነው፤ ሌላ ዘር ለመግዛት ገንዘብ አያውጡ። የርስዎ ችግኞች የታመሙት በሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። መቅጠናቸው ከብርሃን እጥረት የመጣ ሲሆን፣ ከአንገታቸው መበስበሳቸው ደግሞ ከርጥበት ብዛትና ከአፈሩ ዓይነት የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ ብርሃን ያነሰው ችግኝ ውሃ የመጠጣት አቅሙም ስለሚያንስ አፈሩ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ግንዱም ቀጭንና ለስላሳ ስለሚሆን በሽታ በቀላሉ ይገባበታል። ስለዚህ ከብርሃኑ እንጀምር።

የሰው ዓይን ለጨለማም ለብርሃንም ራሱን ስለሚያስተካክል ክፍሉ ለእኛ ብሩህ ሆኖ ይታየናል። ቀትር ላይ ደጅ ያለው የፀሐይ ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ሲደርስ፣ ከመስኮት አንድ ሜትር ገባ ያለ ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶዎች እስከ አንድ ሁለት ሺህ ሉክስ ብቻ ያገኛል። በክረምት፣ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደመና ለብሶ ሲውል፣ ይኸውም ያንሳል። ችግኝ በጥላ ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ያለችውን ስንቅ ሁሉ ግንዱን በማስረዘም ላይ ያውላል፤ ከጥላው በላይ ብርሃን አገኛለሁ ብሎ የሚያደርገው ሩጫ ነው። ላስቲኩ የፈጠረው ሙቀትና እርጥበት ሩጫውን አፋጠነው። ችግኙ ከአፈር ብቅ ባለበት ዕለት ላስቲኩ መነሳት ነበረበት።

አምፖሉ ጣሪያ ላይ መሰቀሉ ለችግኙ እንዳልተሰቀለ ያህል ነው። ከአንዲት ትንሽ አምፖል የሚወጣ ብርሃን በራቀ ቁጥር ስለሚበተን፣ ሁለት ሜትር ላይ ያለችውን አምፖል ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ብናወርዳት ችግኙ የሚያገኘው ብርሃን አሥር እጥፍ ሳይሆን ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ሌላ ነገር ሳይገዙ ዛሬውኑ ገመዱን ያስረዝሙና አምፖሉን ከቅጠሉ ጫፍ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ከአንድ ትሪ በላይ ካለዎት ግን 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ባለ 18 ዋት ነጭ የኤልኢዲ ሸንበቆ መብራቶችን ሁለት ጎን ለጎን ማሰር ይሻላል፤ ብርሃኑ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል። ሁለቱ በቀን 16 ሰዓት ቢበሩ በወር የሚፈጁት ወደ 17 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡትን ውድ መብራቶች መግዛት ለችግኝ ደረጃ አያስፈልግም፤ ቢጫውን የድሮ አምፖል ደግሞ ጨርሶ አይጠቀሙ፤ የሚበላውን ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ችግኙን ያደርቀዋል፣ ያስረዝመዋልም። መብራቱን በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብርተው ሌሊት ያጥፉት፤ ቲማቲም ሃያ አራት ሰዓት ሲበራበት ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይጎዳል። መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ዝናብ ከሌለና ነፋሱ ካልበረታ፣ ትሪውን አውጥተው በረንዳ ላይ ጥላ ቦታ ያውሉት። ደመናማ የበረንዳ ብርሃን ከቤት ውስጡ እጅግ ይበልጣል።

ወደ መበስበሱ ስንመጣ፣ ይህን የሚያደርሱት በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉ ተሕዋስያን ናቸው። በአብዛኛው ግቢ አፈር ውስጥ ይገኛሉ፤ አቅም የሚያገኙት አፈሩ ቀዝቅዞ፣ ውሃ ቋጥሮና አየር አጥቶ ሲከርም ነው። የለገጣፎ፣ የሰንዳፋና የአቃቂ ጥቁር መረሬ አፈር ለጤፍና ለስንዴ የተባረከ አፈር ነው፤ በትሪ ውስጥ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የችግኝን ቀጭን ሥርም ይበጥሳል። እኔ የምጠቀመው ድብልቅ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ ወይም ቡናማ አፈር፣ አንድ እጅ ደግሞ የታጠበ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ነው። አሸዋ ካላገኙ ለመንገድ መደልደያ የሚመጣውን፣ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ ጠጠር በወንፊት ነፍተው ደቃቁን ይጠቀሙ። ድብልቁን ካረጠቡት በኋላ በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚፈረካከስ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጭቃ ከተጣበቀ አሸዋ ይጨምሩበት።

ይህንኑ ድብልቅ ከመዝራትዎ በፊት በእንፋሎት ማብሰሉ ድካም ቢኖረውም ይክሳል። ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃ አፍልተው፣ አፈሩን በጨርቅ ቋጥረው ከውሃው በላይ በወንፊት ላይ ያስቀምጡና ይክደኑት፤ መካከሉ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሶ ለግማሽ ሰዓት ከቆየ ይበቃል። ቴርሞሜትር ከሌለ ከአፈሩ መካከል አንዲት ትንሽ ድንች ይቅበሩ፤ ድንቿ ስትበስል አፈሩም በቅቶታል። ከዚያ አልፎ ማክረር ግን ለችግኝ የሚጎዱ ጨዎችን ስለሚያወጣ አይመከርም።

የውሃው ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ችግኝን የምናጠፋው በመውደድ ነው። በሰዓት አያጠጡ፤ በክብደት ያጠጡ። ትሪውን ውሃ እንደጠጣ አንሥተው ክብደቱን ልብ ይበሉ፤ በየማለዳው ያንሡት፤ ቀልሎ ሲያገኙትና የላይኛው አፈር ቀለሙ ሲነጣ ብቻ ያጠጡ። ከላይ ከማፍሰስ ይልቅ ከታች የተበሳውን ትሪ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ላይኛው አፈር ጠቆር ሲል አውጥተው በደንብ ያንጠፍጥፉት። በዚህ መንገድ የችግኙ አንገት ደረቅ ሆኖ ይቆያል። በለገጣፎ የሐምሌ ማለዳ ከቧንቧ የሚወጣ ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በባልዲ ቀድተው ቤት ውስጥ ያሳድሩት። በምንም ምክንያት ማታ አያጠጡ።

ስለ ዕቃ ንጽሕና አንድ ነገር ከራሴ ልናገር። ችግኝ ማፍላት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ካለፈው ወቅት የተረፉ ትሪዎችን አፈራቸውን አራግፌ ብቻ ቲማቲም ዘራሁባቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንዱ ትሪ ጥግ የጀመረው መበስበስ በክብ እየሰፋ ሙሉ መደርደሪያዬን ጨረሰው፤ ገንዘብ ተቀብዬ ቃል የገባሁላቸው ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያ ሐዘን እስካሁን ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ትሪ በሳሙና አጥቤ፣ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በቀላቀልኩበት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ አለቅልቄ ሳላደርቅ ዘር አላስገባበትም። ሲጋራ የሚያጨስ የቤተሰብ አባል ካለም ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከትምባሆ ወደ ቲማቲምና በርበሬ የሚተላለፍ ቫይረስ አለ።

አሁን የቀሩትን እናድን። የወደቁት አይነሡም፤ ከነአፈራቸው በማንኪያ ዛቅ አድርገው ከቤት ያውጧቸው። በቀሩት ላይ ላስቲኩን ያንሡ፣ ውሃ ማጠጣቱን ይግቱ፣ መስኮቱን ቀን ቀን ገርበብ አድርገው አየር ያስገቡ። ጥቂት የተነፋ ደረቅ አሸዋ በአንገታቸው ዙሪያ ቢነሰንሱ ላይኛው አፈር ቶሎ እንዲደርቅ ያግዛል። ግንዳቸው ያልጠቆረና ንጹሕ የሆኑትን የቲማቲም ችግኞች፣ መጀመሪያ ከዘሩ ከሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጡትን ሁለት እውነተኛ ቅጠሎች ሲያወጡ በአዲሱ ድብልቅ ወደ ተሞላ ትንሽ ዕቃ አዛውረው እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ድረስ ይቅበሯቸው፤ ቲማቲም ከተቀበረው ግንዱ ሥር ስለሚያወጣ ርዝመቱ ይካሳል። በርበሬን ግን እንዲህ አያድርጉት። የበርበሬ ግንድ እንደ ቲማቲም ፈጥኖ ሥር ስለማያወጣ በጥልቅ ሲቀበር ሊበሰብስ ይችላል፤ ቀድሞ ከነበረበት ጥቂት ብቻ ዝቅ አድርገው፣ በስንጥር ደግፈው ይትከሉት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን፣ ጫፎቻቸውን በእጅዎ መዳፍ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያሉ ይዳስሱ። ነፋስ እንደሚያደርገው ሁሉ መወዛወዙ ግንዱን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል።

ቅጠላቸው ገርጥቷልና ዩሪያ ልጨምርበት ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አጥብቄ አይሆንም ነው። የገረጡት ብርሃን ስላጡና ሥራቸው አየር ስላጣ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የተጨመረ ዩሪያ ሥር ያቃጥላል፣ የተረፈውንም የበለጠ ያስረዝማል። በኮምፖስት ውስጥ ያለው ምግብ እስከ ሦስትና አራት እውነተኛ ቅጠል ያደርሳቸዋል።

የሐምሌው ዘር አልተሳካም ቢባል እንኳ ብዙ አይዘኑ፤ ለርስዎ አካባቢ ወሩ ራሱ አመቺ አልነበረም። በሐምሌ የተዘራ በርበሬ ለመተከል ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ስለሚፈልግ ወደ ደጅ የሚወጣው በመስከረም ነው፤ ከዚያ በኋላ ወዲያው የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። እኔ ብሆን በርበሬውን በታኅሣሥ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት የሚበቃውን ቲማቲም ደግሞ በጥር አጋማሽ እዘራለሁ። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ካለዎት መብራቱ ለተጨማሪ ብቻ ይሆናል። የሚቸግረው ሙቀቱ ነው። የበርበሬ ዘር ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ያለው አፈር ይወዳል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን አይነቃም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እስኪበቅል ትሪውን ፍሪጅ አናት ላይ፣ ውሃ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ሌላ ዝርግ ዕቃ አድርገው ያስቀምጡት። በዚያ ሞቃት ቦታ መቆየት ያለበት የመጀመሪያው ችግኝ ብቅ እስኪል ብቻ ነው፤ በዚያኑ ዕለት አውርደው ከመብራቱ ሥር ያድርጉት።

በየካቲት መጨረሻ ችግኙን ወደ ደጅ ለማላመድ በመጀመሪያው ቀን በጥላ ቦታ አንድ ሰዓት ያህል ያውጡት፤ ከዚያ በየቀኑ ሰዓቱን እየጨመሩና የጠዋት ፀሐይ እያስለመዱ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይቀጥሉ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ባለበት ምሽት ሌሊቱ ይበርዳልና በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ያስገቡት። ከተከሉት በኋላ እንዲህ ያለ ምሽት ከመጣ ደግሞ እያንዳንዱን በአሮጌ ጆንያ ወይም አፉ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ሸፍነው ያሳድሩና ማለዳ ፀሐይ ሲወጣ ይግለጡት።