አሠልጣኜ «በጾም አሚኖ አሲድ አታገኝም» ይለኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ 60 ኪሎ ነኝ፤ ጂም እሠራለሁ። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ። አሠልጣኜ «አስፈላጊዎቹ አሚኖ አሲዶች ያሉት ሥጋና እንቁላል ውስጥ ብቻ ነው፤ የፕሮቲን ዱቄቱን ግዛ» ይለኛል። እውነቱን ነው? አስፈላጊና አላስፈላጊ ማለትስ ምንድን ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም።

ፕሮቲንን እንደ መቁጠሪያ ያስቡት። ክሩ ላይ የተሰኩት ፍሬዎች አሚኖ አሲዶቹ ናቸው። 20 ዓይነት ናቸው። 11ዱን ሰውነታችን ራሱ ይሠራቸዋል። «አላስፈላጊ» የሚለው ስም ያሳስታል፤ በጣም ያስፈልጉናል፣ የግድ ከምግብ መምጣት ግን የለባቸውም። በከባድ ሕመም ጊዜ እንደ አርጂኒንና ግሉታሚን ያሉት ላይበቁ ይችላሉ። 9ኙን ግን ከምግብ ካላገኘን ከየትም አናመጣቸውም፤ ሂስቲዲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ላይሲን፣ ሜታዮኒን፣ ፌኒልአላኒን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋንና ቫሊን።

እነዚህ 9ኙም በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ አሉ። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ስንዴና ገብስ ላይሲን ያንሳቸዋል። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን ያንሳቸዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። አንድ ጭብጥ ንፍሮ ይመልከቱ፤ ስንዴው ከሽምብራና ከባቄላ ጋር ተቀቅሏል። የገብስ ቆሎም ሽምብራ ይገባበታል። ሽሮ በእንጀራም ያው ነው። እናቶቻችን የላይሲንን ስም ሳይሰሙ አሟልተው አብልተውናል። ደግሞ በአንድ ጉርሻ መገናኘት የለባቸውም፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ይበቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። ብዙ ጿሚ ወጣቶች ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀራ በድንችና በጥቅል ጎመን በልተው ቀኑን ይዘጋሉ። ሽሮው ቢኖርም ቀጥኖ ውኃና ዘይት ብቻ ሆኖ ይቀርባል። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ በኪሎ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ለእርስዎ 48 ግራም መሆኑ ነው። ክብደት ስለሚያነሡ ከዚያም በላይ ያስፈልግዎታል። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ሽሮውን ወፈር ያድርጉት፤ ምስር ወይም ክክ ይጨምሩበት፤ ማታ ሳይተኙ ንፍሮ ይብሉ።

ዱቄቱን የግድ ልውሰድ ካሉ፣ በተለይ የኩላሊት ችግር ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፣ መጀመሪያ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ተመርምረው ሐኪምዎን ያነጋግሩ።