«ሙቀቱ ልባቸውን መታው ወይ?»

«ጤና ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው። ጓሮዬ ውስጥ በጂኦሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ፣ የተሠራ የዓሣ ኩሬ አለኝ። ቆሮሶ ነው፤ ጥቂት አምባዛም ገብቶበታል። ከመጋቢት ወዲህ ዓሣዎቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ረፋድ ላይ ደህና ይሆናሉ። በዚህ ሳምንት ብቻ 11 ሞቱብኝ፤ የሚሞቱት ደግሞ ትልልቆቹ ናቸው። አምባዛዎቹ ምንም አልሆኑም። ምግብ አላጓደልኩም፤ ጠዋትና ማታ ነው። እበቱም በየሳምንቱ ይገባል፤ ውሃው ለምለም ነው። ሰው መርዝ ጥሎብኝ ይሆን? ልጄ ሙቀቱ ልባቸውን መትቶት ይሆናል ትላለች። ደግሞ የዓሣ ልብ ሙቀት ይለምዳል የሚል አንብባለች። የቱ ነው እውነቱ?»

ወንድሜ፣ የመርዙን ነገር ይተዉት። መርዝ ትልቅና ትንሽ አይመርጥም፤ ረፋድ ሲሆንም አይለቅም። መልሱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። «አምባዛዎቹ ምንም አልሆኑም» ብለዋል። አምባዛ ውሃው ሲያፍነው ብቅ ብሎ ከላይ አየር ይስባል፤ ለዚህ የሚሆን አካል ከስንጥቡ፣ ማለትም ዓሣ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል፣ በላይ አለው። ቆሮሶ ይህ የለውም። ኩሬዎ ሌሊት ሌሊት ኦክስጅን እያለቀበት ነው። ሳላየው እንዲህ መድፈሬ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ደብዳቤ ነው የማነበው፤ የሚለየው የቀበሌው ስም ብቻ ነው።

ልጅዎም አልተሳሳተችም። ውሃው ቀስ እያለ ከሞቀ የዓሣ ልብ በጥቂት ሳምንታት ራሱን ያስተካክላል። መጀመሪያ ላይ በሙቀቱ ይፈጥናል፣ ቆይቶ ምቱን ይቀንሳል፣ ጡንቻውም ከአዲሱ ሙቀት ጋር ይለማመዳል። ቆሮሶ ደግሞ የቆላ ዓሣ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ደስ ብሎት ያድጋል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ብቻውን አይገድለውም።

ችግሩ ልቡ የሚመገብበት መንገድ ላይ ነው። የዓሣ ልብ ደሙን መጀመሪያ ወደ ስንጥብ ይገፋል። ደሙ እዚያ ኦክስጅን ይይዝና መላ ሰውነቱን ያዳርሳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። የልቡ ጡንቻም በአብዛኛው የሚኖረው ከዚያ ከተረፈው ነው። እንግዳውን ሁሉ አብልታ እሷ ትራፊ እንደምትቀምስ እናት ማለት ነው። ውሃው ሲሞቅ ይህ ትራፊ ከሁለት ወገን ይቀንሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውሃው ግን የሚይዘው ያንሳል፤ በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ የነበረው 30 ዲግሪ ላይ 7.5 አካባቢ ይደርሳል። እናንተ ጋ ካለው ከፍታ የተነሳ ከዚህም ያነሰ ነው። ልብ ለሙቀት ይለማመድ ይሆናል፣ ለባዶ ውሃ ግን ምን ያድርግ?

አሁን ትንሽ ልቆጣዎት። ያ «ለምለም» ያሉት ውሃ ነው ጠላትዎ። አረንጓዴ የሚያደርጉት ዋቅላሚዎች ቀን ፀሐይ እያለ ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነሱም ይወስዳሉ። እበቱ ሲበሰብስም ይወስዳል። ሁሉም ከዚያችው ኩሬ ነው የሚሻሙት። ልክ ሊነጋ ሲል ምንም አይቀርም። እበት ዋቅላሚ ያበቅላል፣ ለቆሮሶም ምግብ ነው፤ ይህን የነገርናችሁ እኛው ባለሙያዎች ነን። በሚያዝያ ሙቀት በየሳምንቱ ጨምሩ ግን አላልንም። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ውሃው ውስጥ ይክተቱ። ክርንዎ ውሃውን ሳይነካ ገና ጣትዎ ከጠፋብዎ በዝቷል። ክረምቱ እስኪገባ እበት የሚባል ነገር አይጨምሩ።

ዋናው መፍትሔ አንድ አሮጌ ጀሪካን ነው። ታችውን በሚስማር ብዙ ቦታ ይብሱት። ከኩሬው ውሃ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ ይስቀሉት፤ የሚያስገቡት ውሃ በእሱ በኩል እንደ ዝናብ ይውረድ። ጠብታው በወረደ ቁጥር አየር ይዞ ይገባል። ቱቦውን ዝም ብለው ውሃው ውስጥ ካስገቡት ይህ ሁሉ ይቀራል፤ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ በተለይ፣ ከመሬት ሲወጣ ኦክስጅኑ ትንሽ ነውና። ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው ግን ቀትር ላይ «ላቀዝቅዝላቸው» ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅባቸዋል። ይህ ለልባቸው ድንጋጤ ነው የሚሆነው።

ውሃ ሲያስገቡ ያንኑ ያህል ከታች በላስቲክ ቱቦ ይሳቡ። ሥር ያለው ውሃ ነው የቆሸሸው፤ በአንድ ሌሊት ከአሥር አንድ እጅ ቢቀየር ይበቃል። የሚወጣውን ወደ ሽንኩርቱ ይልቀቁት፣ ይወደዋል። የመስኖ ተራ ካልደረሰዎት ከራሱ ከኩሬው በባልዲ እየቀዱ በጀሪካኑ ያፍስሱ። ያደክማል፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ለሁለት ሰዓት ያህል ከልጆቹ ጋር እየተፈራረቁ ይሞክሩት።

የማታውን ምግብ ያቁሙ። ጠግቦ ያደረ ዓሣ ምግቡን ለመፍጨት ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በሌለበት ሰዓት። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በግማሽ ቀንሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይስጧቸው። ጠዋት አፋቸውን የሚከፍቱት ርቧቸው አይደለም፤ ያን ጊዜ ምግብ መጣል ይብስባቸዋል።

በሦስት አራት ቀን ለውጡን ያዩታል። ካልሆነ፣ ወይም አምባዛዎቹም መሞት ከጀመሩ፣ ነገሩ ሌላ ነውና ሳይቆዩ ይጻፉልኝ። የኩሬውን ጥልቀትና ስንት የዓሣ ጫጩት እንዳስገቡበትም አይርሱ፤ በዚህኛው ደብዳቤ ዘለውታል።