በያጅ የሠራው የወፍ ቤት

አንዲት እህት ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ ጠየቀችኝ። ለልጇ ሁለት ባጂ ገዛችለት፣ እነዚያን ትንንሽ ባለቀለም በቀቀኖች ማለቴ ነው። ቤታቸውን የሰፈር በያጅ በጋልቫናይዝድ ሽቦ ሠራላት። የሽቦው ክፍተት 2 ሳንቲ ነው። በሳምንቱ አንደኛዋ ጭንቅላቷን አሾልካ ተይዛ ተገኘች፣ በፒንሳ ፈልቅቀው አወጧት። በሩ ወደ ላይ እየተሳበ የሚከፈት ነው። ድመትም ከሥሩ አትጠፋም። «ልጣለው ወይስ ይታደሳል?» ነው ያለችው።

አብሽሪ እህቴ፣ ይታደሳል። ድመቷን ግን ለአፍታ ተያትና ወደ ቤቱ እንምጣ። ከድመቷ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ በያጁ ነው። ይህን ስል ራሴንም እየወቀስኩ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በርና መስኮት፣ የሱቅ መዝጊያ፣ የሮቶ መቆሚያ ስበይድ ነው የኖርኩት። ለሰው ቤት እንዳይዝግ፣ እንዳይላቀቅ፣ እንዲያብለጨልጭ ብለን የምናደርገው ነገር ብዙው ለወፍ እንደማይሆን ያወቅኩት በራሴ ጥፋት ነው።

ለልጄ አንድ ቤት ሠራሁላት። ከሌላ ሥራ የተረፈ ጋልቫናይዝድ ሽቦ ነበረኝ፣ ቁርጥራጩን በስታኞ፣ ቀልጦ በሚያጣብቀው ለስላሳ ብረት፣ አያያዝኩት፣ ከላይ አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባሁት። ያምር ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወፏ ውሃ ማብዛት ጀመረች፣ ኩሷ ቀጠነ፣ ላባዋን ነፍታ ጥግ ይዛ ትውላለች። ብርድ ነው አልን። ሞተች። የገደላት ይሄ ነው ብዬ አልምልም፣ በኋላ ግን የሚያውቁ ሰዎች ስጠይቅ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሽቦው ምንድን ነው?» ብለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍ እጅ የላትም። ባጂ ግድግዳ ስትወጣ በአፏ ሽቦውን ነክሳ ራሷን ትስባለች፣ ምንቃሯ እንደ ሦስተኛ እግር ነው። ጋልቫናይዝድ የምንለው ብረት ላዩ ዚንክ የተነከረ ነው። ዚንኩ እየተፋቀ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሆዷ ይገባል። የሰው እጅ ምንም አይሆንም፣ 40 ግራም የማትሞላ ወፍ ግን ትመረዛለች። ስታኞውማ ይብሳል፣ የተለመደው 60/40 የሚባለው ከመቶ 40 እጁ እርሳስ ነው። በአሮጌ ቀለምና በአንዳንድ አንቲረስት ውስጥም እርሳስ ሊኖር ይችላል።

አሁን ሽቦሽን ብርሃን ላይ አውጥተሽ ጠጋ ብለሽ እይው። ሁለቱ ሽቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ሻማ እንባ የተንጠለጠለች ብርማ ጠብታ ታያለሽ? እሷን ነው ወፏ መጀመሪያ የምትፈለቅቀው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ የዚንኩ ዝገት ነው። ወፎቹን ወደ ካርቶን አዛውሪያቸው፣ ጠብታዎቹን በሞረድ አንሺ፣ ሁሉንም በአቼቶና በሽቦ ብሩሽ አጥብቀሽ ፈትጊ፣ በብዙ ውሃ አጥቢ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂ። ነጩ ዱቄት ተመልሶ ሲመጣ እንደገና ነው። ይሄ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። አቅም ካለሽ ስቴንለስ የሚያክለው የለም። ካልሆነ ምንም ያልተቀባ ጥቁር ብረት ይሁን፣ ዝገቱ ለዓይን ያስጠላል እንጂ እንደ ዚንክ አይመርዝም። ስታኞ የነካው ቦታ ካለ ግን ቆርጠሽ ጣይው፣ በማጠብ አይለቅም።

ወደ ክፍተቱ ልመለስ። ለባጂ ከ12 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ሜትር ከሌለሽ ወፍራሙን የሪሞት ድንጋይ አምጪ፣ እሱ 14 ሚሊ ገደማ ነው። በሽቦው መሃል ካለፈ ሥራው አደገኛ ነው። ጭንቅላት ያልፋል፣ ትከሻ አያልፍም፣ ስትመለስ መንጋጋዋ ይይዛታል፣ ያየሽው ነው። ያንቺ 2 ሳንቲ ስለሆነ መፍትሄው ቀላል ነው፤ በየሁለቱ ሽቦ መሃል አንድ ባለ 2 ሚሊ ዘንግ ይጨመር፣ በግራና በቀኝ 9 ሚሊ ይቀራል። በያጁን ግን ከመበየዱ በፊት የሚበየደው ነጥብ ላይ ያለውን ዚንክ በግራይንደር እንዲያነሳ ንገሪው። ለራሱም ነው፤ የዚንክ ጭስ ማታ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ወተት ጠጡ ይሉናል እኛን፣ እኔም ስንት ሊትር ጠጥቻለሁ፣ አንቀጥቅጦኝ ነው ያደረው። ደግሞ ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው የበሩን ዙሪያና የኩስ መቀበያው የሚገባበትን ክፍተት ነው። ድንጋዩን እዚያም ሞክሪው።

በሩን ቀይሪው፣ ድርድር የለውም። ወደ ላይ የሚሳብ በር ወፏ በምንቃሯ አንስታ አንገቷን ስታስገባ ይወድቅባታል። ወደ ጎን በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፣ መቀርቀሪያው ላይ የቁልፍ መያዣ ዓይነት ስፕሪንግ ያለው ማንጠልጠያ አድርጊበት። ባጂ መቀርቀሪያ መክፈት ትማራለች፣ አትናቂያት።

ድመቷስ? ድመት በሩን ባትከፍት እንኳ እጇን ትሰዳለች። ወፍ ደግሞ ማታ ደንግጣ ሽቦው ላይ ትለጠፋለች። ስለዚህ ከውጭ በኩል በድመቷ አቅጣጫ ሁለተኛ ሽቦ በ5 ሳንቲ ርቀት ይታሰር፣ እጇ እንዳይደርስ። ቤቱንም ከግድግዳ አርቀሽ ከጣሪያ ላይ በጠንካራ መንጠቆ ስቀይው። በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ገፍታ እንድትጥለው መጋበዝ ነው።

የት ይሰቀል ካልሽ፣ በረንዳ ላይ አይደር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከጦሳ የሚወርደውን የሌሊት ነፋስ አንቺ ታውቂዋለሽ። ማታ አስገቢና ሦስቱን ጎን በብርድ ልብስ ሸፍኚ፣ አንዱ ለአየር ክፍት ይሁን። ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ፀሐይ ነበር የምንከራከረው። ወጥ ቤት ግን በጭራሽ። የማይጣበቀው መጥበሻ ባዶውን ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል፣ ሽታውን አንቺ ላታውቂው ትችያለሽ። የከሰልና የእጣን ጭስም እንደዚያው ሳንባዋን ይጎዳል። ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ወፎቹ ግን ሌላ ክፍል ይሁኑ።

መቆሚያው ለስላሳ ዱላ ብቻ ከሆነ እግራቸው ይቆስላል። መድኃኒት ያልተረጨበት የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ አጥበሽ አስገቢ፣ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1 ሳንቲ ተኩል፣ ወጣ ገባ ያለ።

ሁሉም ሲያልቅ አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ እጅሽ ላይ አጥልቂና የቤቱን ውስጥ በሙሉ አሺው። ጥጉን፣ የበሩን ጠርዝ፣ የብየዳውን ነጥብ። ክሩን የሚይዝ ቦታ ጥፍርና ላባም ይይዛል፣ እዚያ ላይ ሞረድ። ስቶኪንጉ ሳይያዝ ዞሮ ከተመለሰ አስገቢያቸው።