ጠመንጃ የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ

ጥያቄ፦ ለአደን ዳገት ስወጣ ጠመንጃዬ ከትከሻዬ እየተንሸራተተ አስቸግሮኛል። ጠመንጃ የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ልገዛ ነው፤ ምኑን አይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ የሰደፉን ኪስ ይዩ። ጥሩው ከቦርሳው ግርጌ የሚዘረጋ፣ ጨርቁ ወፍራም የሆነ ነው፤ ሰደፉ እዚያ ይቀመጣል፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ በማሰሪያ ይጠብቃል። የእኔ የመጀመሪያ ቦርሳ ኪሱ በቀኝ ጎን ነበር። መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃዬ 4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ቀኑን ሙሉ ተንጋድጄ ስሄድ ዋልኩ፤ ማታ ባለቤቴ «ምን ነካህ?» እስክትለኝ ድረስ። ስለዚህ መሐል ጀርባ ላይ የሚያርፈውን እመርጣለሁ። የጎኑን ከወደዱ ግን ውሃዎን በሌላው ጎን ይያዙ።

ለአንድ ቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። የወገብ ቀበቶው ቀጭን ከሆነ ይተዉት፤ ሸክሙ ዳሌ ላይ እንጂ ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም።

ሱቅ ውስጥ ጨርቁን በጥፍርዎ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት (የሻጩን ፊት አይዩ)። እዚያ ከተንሿሿ ጫካ ውስጥም ዝም አይልም። ከዚያ አዝለውት ጎንበስ ይበሉ። አፈሙዙ ከራስዎ በላይ ብዙ ከወጣ ቅርንጫፍ ሁሉ ይይዘዋል።

አንድ ነገር ግን፦ ቦርሳ ላይ የታሰረ ጠመንጃ ቶሎ አይወርድም፤ ለጉዞ እንጂ ለተኩስ አይሆንም። ስለዚህ ጥይት እንዳያጎርሱት። ዳገት ላይ ባጎነበሱ ቁጥር አፈሙዙ የሚያነጣጥረው ከፊትዎ በሚሄደው ጓደኛዎ ጀርባ ላይ ነው።