የሚናገረው ስልክ ዝም ሲል፦ ስለ ዓይነ ስውራን መሣሪያዎች ባትሪ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

የሚናገሩና በብሬይል የሚያስነብቡ መሣሪያዎችን ለብዙ ዓመታት ስጠቀም፣ ለወዳጆቼም ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ዓይነ ስውር ነኝ። ስለ ባትሪ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቶክባክን (በአንድሮይድ ስልክ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን) ከከፈትኩ ወዲህ ስልኬ እስከ ማታ አይደርስልኝም። ባትሪውን የሚጨርሰው ቶክባክ ነውን?

መልስ፦ ቶክባክ ድርሻ የለውም አልልም፤ ዋናው በላተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛ የማናየው ስክሪን ነው። ዓይናማ ሰው መልእክቱን በጨረፍታ አንብቦ ስልኩን ወደ ኪሱ ሲመልስ፣ እኛ ያንኑ መልእክት በጣታችን እየዳሰስን አዳምጠን እስክንጨርስ ድረስ ስክሪኑ በርቶ ይቆያል። እኔ ራሴ ብርሃኑ እስከ ጥግ የተከፈተ ስልክ ይዤ ሁለት ዓመት ያህል ዞሬያለሁ፤ የነቃሁት የእህቴ ልጅ አንድ ማታ «አጎቴ፣ ስልክህ እኮ ዓይን ያጠፋል» ስትለኝ ነው።

ስለዚህ አስቀድመው ብርሃኑ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ምርጫ ያጥፉና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ያውርዱት። ቀጥሎም ስክሪኑን ያጨልሙት፦ በአይፎን ቮይስኦቨር የተባለው የድምፅ አንባቢ እየሠራ ሳለ በሦስት ጣት ሦስት ጊዜ መምታት ይበቃል፤ ማጉያው፣ ማለትም ዙም፣ አብሮ ከተከፈተ አራት ጊዜ ይሆናል። በአንድሮይድ ደግሞ ስክሪኑን የሚደብቀውን ትእዛዝ በቶክባክ ሜኑ ውስጥ ያገኙታል። ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ላይ ጥቁር የሆነ ነጥብ ብርሃን ስለማያመነጭ ኃይል አይወስድም፤ በኤልሲዲ ስክሪን ግን ከጥቁሩ ጀርባ ያለው መብራት እንደበራ ሊቆይ ስለሚችል ብርሃኑን ማውረድ አይቀርም። ከስክሪኑ ቀጥሎ ብዙ የሚወስዱት ካሜራና ኢንተርኔት አብረው የሚሠሩባቸው መተግበሪያዎች ናቸው፤ ዓይነ ስውራንን ከዓይናማ ረዳቶች ጋር በሚያገናኘው ቢ ማይ አይስ ከበጎ ፈቃደኛ ጋር በቪዲዮ ሲነጋገሩ ስልኩ እጅዎ ላይ የሚሞቀው ለዚህ ነው። የንባብ ድምፅን በተመለከተ፣ አማርኛ የሚያነበው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንባብ ድምፅ ለጆሮ ሻካራ ቢሆንም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና ለስልኩ እጅግ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ 5,000 ያለውን ስልክህን ሁለት ጊዜ ይሞላል» ብሎኝ ነበር። አንዱን ሞልቶ ሁለተኛውን ሳያጋምስ ያልቃል። ተታልያለሁ?

መልስ፦ ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ካልሆነ አልተታለሉም፤ የተሳሳተው ሒሳቡ ነው። 10,000 የሚለው ቁጥር የተጻፈው በውስጡ ላለው የ3.7 ቮልት ባትሪ ሲሆን፣ ይህም 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ኃይሉ በዩኤስቢ ሲወጣ ወደ 5 ቮልት ከፍ ይላል፤ ስልኩ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይወርዳል፤ በሁለቱም ጊዜ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። አንድ ሙሉና ሲሦ ገደማ ካገኙ ዕቃዎ ደህና ነው። በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ፓወር ባንክ ከእጅ ሻንጣ ውጪ አይፈቀድም፤ ከ100 በላይ እስከ 160 ዋት-ሰዓት የሆነውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ የፓወር ባንኩ አራት ትንንሽ መብራቶች ለእኔ ምን ይጠቅሙኛል? መሙላቱን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሲኢንግ ኤአይ በተባለው መተግበሪያ ውስጥ ብርሃንን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ክፍል አለ፤ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ካሜራውን ወደ መብራቶቹ ሲያስጠጉ ድምፁ ይቀጥናል። ስንቱ እንደበራ አይቆጥርልዎትም፤ መብራቱ መኖር አለመኖሩን ግን ያሳውቅዎታል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የማንበቢያ መሣሪያዬ የቻርጀር ገመዱን ወደ አንድ ጎን ካላዘነበልኩት አይሞላም። ባትሪው ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ከመሰኪያው ይጀምሩ። በአሮጌ መሣሪያዎች ላይ ያለው ማይክሮ ዩኤስቢ በአንድ ፊት ብቻ ስለሚገባ፣ እኛ በግምት ገልብጠን ስንገፋው ውስጡ ያለችው ቀጭን ምላስ ትጣመማለች። በገመዱ ራስ ሰፊ ጎን ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርገው ያድርቁት፤ ጉብታውን በአውራ ጣትዎ ሲያገኙ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሆነ ያውቃሉ። ታይፕ ሲ በሁለቱም ፊት ስለሚገባ አዲስ ዕቃ ሲገዙ በመጀመሪያ እርሱን ይጠይቁ። ከኪስ የገባ ብናኝም ገመዱን ጠልቆ እንዳይገባ ያግደዋል፤ መሣሪያውን አጥፍተው በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ቀስ ብለው ይጥረጉት እንጂ መርፌ አያስገቡበት።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የብሬይል ማሳያ (ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ጽሑፍን በጣት የሚያስነብበው መሣሪያ) ክረምቱን በቁምሳጥን ከርሞ መስከረም ላይ አልነሣ አለ።

መልስ፦ ሊቲየም ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ፣ ከተወሰነ ቮልት በታች ሲወርድ የውስጡ መከላከያ ይዘጋዋል። አንዳንዱ መሣሪያ መጀመሪያ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሞላ፣ በራሱ ቻርጀር ሰክታችሁ፣ ሰው ባለበት ቦታ ጥቂት ሰዓታት ሳትነኩት ጠብቁ። ካልነቃ ባትሪው ይቀየር። ወደፊት ግን ተማሪዎች ሰኔ ላይ ሲወጡ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ጠፍቶ ይቀመጥ፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይም አንድ ሰው ይፈትሸው። ነጥቦቹን የሚያነሡት ክሪስታሎች ወደ 200 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ስለሚፈልጉ፣ ከትንሿ ባትሪ ያንን የሚያወጣው ክፍል የደከመ ባትሪ ሲገጥመው ነጥቦቹ ሳይነሡ ሊቀሩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ብቻ «ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ መጋዘን የተወረወረ መሣሪያ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ድምፅ መቅጃዬ ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ሳስገባበት ወዲያው «ባትሪ ዝቅተኛ ነው» ይላል።

መልስ፦ ተራው አልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ ቻርጅ የሚደረገው ደግሞ 1.2 ቮልት ነው። መቅጃው በሜኑ ውስጥ የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ ካለው ይቀይሩት። ሲያስገቡም ጠፍጣፋው ጫፍ ወደ ሞላው መሆኑን አይርሱ።

ጥያቄ፦ መዝሙረ ዳዊት እያዳመጥኩ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። ይጎዳዋል?

መልስ፦ እጅግ ይጎዳዋል፤ እርስዎንም ያሰጋዎታል። ባትሪን የሚያስረጀው ከሙሉ ቻርጅ ጋር የተገናኘ ሙቀት ነው። ስልኩን ከአልጋ አውርደው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ በ80 በመቶ እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ ካለውም ይክፈቱት። በወር አንድ ጊዜ ሽፋኑን አውልቀው ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ያስተኙትና ማዕዘኖቹን በጣትዎ ተራ በተራ ይጫኑ። የካሜራው ጉብታ በአንድ ማዕዘን ያናውጠው ይሆናል፤ ከዚያ ውጪ መሐሉ ወጥቶ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ የተላቀቀ ከሆነ ባትሪው አብጧልና ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ፤ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ስልኬ 20 በመቶ እያለ በድንገት ይጠፋል። መንገድ ላይ ሆኜ ነው የሚያስደነግጠኝ።

መልስ፦ ያረጀ ባትሪ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ቮልቱ ስለሚወድቅ፣ ቁጥሩ ቢኖርም ስልኩ ይዘጋል፤ መፍትሔው ባትሪውን መቀየር ነው። እስከዚያው አይፎን ከሆነ ሾርትካትስ በተባለው መተግበሪያ ውስጥ ባትሪው ከ40 በመቶ ሲወርድ ድምፅ አውጥቶ እንዲናገር ማዘዝ ይቻላል። እኔ ግን ከማላውቀው ሰፈር ታክሲ ወርጄ ስልኬ ዝም ካለኝ ቀን ወዲህ፣ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ሞልቼ በቦርሳዬ እይዛለሁ፤ አራት የቅርብ ሰዎቼንም ቁጥር በብሬይል ጽፌ ከመታወቂያዬ ጀርባ አኑሬያለሁ።